የሙስተዓሊ እንግዶች

ሌላው ሰው መንገደኛን በጫማው ወይም በሻንጣው ይገምተዋል፤ ኢንሲያ ግን መጀመሪያ የምታየው መንጋጋውን ነበር። ቀጭን፣ ችኩል፣ ካሜራውን ከዐይኑ የማያወርድ ከሆነ ዝም ብላ ታሳልፈዋለች። ሰውነቱ ሞላ፣ እርምጃው ዘግየት ያለ፣ የድሮዎቹን ቤቶች ሲያይ አፉን ከፈት የሚያደርግ ሲመጣ ግን ከደጃፏ ደረጃ ላይ ብድግ ትላለች።

«ልጄ፣ ፀሐዩ አናትህን በሳው እኮ! ና እስቲ ውሃ ቅመስ።»

ውሃው ሰበብ ነው። ውሃ ልጠጣ ብሎ የገባ ሰው ምሳ ሳይበላ ከዚያ ቤት ወጥቶ አያውቅም።

ከመንገዱ ማዶ ጎረቤቷ ሸርባኑ መስኮቷ ላይ ተደግፋ ይህን ስታይ ሳቋ አያልቅም።

«እህቴ ኢንሲያ፣ ዛሬም ዓሣው መረብ ገባ?»

«ምን ዓሣ አደረግሽው ሰውየውን!»

«እውነትሽን ነው፣ ዓሣ እንኳ አይደለም። ዓሣ ይበላል፤ ይሄ መጥቶ አንቺን ነው የሚበላሽ።»

ኢንሲያ ለነገር መልስ የምታጣ ሴት አልነበረችም፤ ለዚህ ግን ጊዜ የላትም። እንግዳው ሐሳቡን ሳይቀይር እጁን ማስታጠብ አለባት።

ሲድፑር ከተማ ውስጥ የቦህራዎች፣ የሙስሊም ነጋዴዎቹ፣ ሰፈር ማለት ዛሬ የተቆለፈ በር ማለት ነው። ባለቤቶቹ ሙምባይ ናቸው፣ ናይሮቢ ናቸው፣ ኮሎምቦ ናቸው፤ ለሰርግ ይመጣሉ፣ አቧራ ያራግፋሉ፣ ፎቶ ይነሣሉ፣ መልሰው ይቆልፋሉ። ጽጌረዳ ቀለም የተቀባው ግድግዳ፣ ባለቀለሙ መስታወት፣ ያ ሁሉ የተፈለፈለ እንጨት ለርግብ ቀርቷል። ድሮ በዚያ መንገድ አንዲት እናት ከመስኮት ብቅ ብላ «አባስ!» ስትል ከአራት ደጃፍ አራት አባስ «አቤት!» ይል ነበር። የቀረበው ገብቶ ይበላል፤ የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ኢንሲያ ሙሽራ ሆና የመጣች ሰሞን ያ ጫጫታ ራሷን ያዞራት ነበር። አሁን ያን ጫጫታ ለአንድ ቀን የሚመልስላት ቢገኝ የእጇን አምባር አውልቃ በሰጠች።

መንገደኛ የምታድነው ግን ጫጫታ ናፍቋት አይደለም። የምታድነው ለባሏ ነው።

ባሏ ሙስተዓሊ የቁልፍ፣ የመቀርቀሪያና የበር ማጠፊያ ነጋዴ ነበር። ዕቃውን በሁለት ሻንጣ ሞልቶ በአውቶቡስና በባቡር ከተማ ለከተማ ሲዞር ዕድሜውን ጨረሰ፤ ትልልቆቹን ከተሞች አይደለም፣ ትልቅ ነጋዴ የማይደርስባቸውን፣ ያረጀ ግንብና ያረጀ በር ብቻ የቀራቸውን ትንንሽ ከተሞች። ያረጀ በር ባለበት ሁሉ የተሰበረ ማጠፊያ አይጠፋም ይል ነበር። ሸምግሎ ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ አእምሮው ይከዳው ጀመር። መጀመሪያ ትናንት ጠፋበት፤ ቀጥሎ አምና፤ እንዲህ እንዲህ እያለ ወደ ኋላ ሄዶ፣ አንድ ልጁን ረሺዳን በስልክ ሲያናግራት «እርስዎ ማን ይሆኑ?» ማለት ላይ ደረሰ። ኢንሲያን አንዳንዴ ሚስቱ፣ አንዳንዴ እናቱ ያደርጋታል። ሁለቱም ያው አብሳይ ናቸውና አትቀየመውም።

የከፋው መብላት መተዉ ነው። «በልቻለሁ» ይላል፤ «የት?» ሲባል፣ «እናቴ ጋ»። ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል። ሐኪሙ መረመረውና ሰውነቱ ጤነኛ ነው፣ ግን እህል ካልቀመሰ ይህን ክረምት አይወጣም ብሎ ቁርጡን ነገራት። ኢንሲያ ለመነች፣ ተቆጣች፣ እንደ ሕፃን ልታጎርሰው ሞከረች፤ ጥርሱን ነክሶ አየት አደረጋት እንጂ አልከፈተላትም።

አንድ ቀን ከካልካታ የመጣ ጡረተኛ አስተማሪ፣ ቤቱን በውስጥ ማየት ይፈቀድ እንደሆነ ጠየቃት። አስገባችው። ሰዓቱ የምሳ ነበርና ሳይበላ መሸኘት ነውር ነው፤ ትልቁን ትሪ አወረደችለት። አስተማሪው ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብሎ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሲያነሣ ሙስተዓሊ ከአልጋው ቀና አለ። አየ። ወርቅማ ጠርዝ ያለውን ነጭ ቆቡን አስተካክሎ ተነሣና ሚስቱ ላይ ጮኸ።

«አንቺ! እንግዳ ብቻውን አስቀምጠሽ ታበያለሽ? ሰው ምን ይለናል?»

ተቀመጠ። እንደ ደንቡ ቁንጥር ጨው ቀምሶ፣ ጣፋጩን አስቀድሞ፣ ሩዙን አስከትሎ በላ። እነሱ ዘንድ እንግዳ ሲያላምጥ ባለቤት ያላምጣል፤ እንግዳ ሳያቆም ባለቤት እጁን አይሰበስብም። ሙስተዓሊ ይህን ከአባቱ በኩርኩም ነው የተማረው። አእምሮው የጣለውን እጁ አልጣለውም ነበር። አስተማሪው ደግሞ የቤንጋል ሰው ነውና ሩዝ አይቶ አይቸኩልም። ኢንሲያ ጓዳ ገብታ ሪዳዋን፣ የራስ መሸፈኛዋን፣ አፏ ላይ ጠቅጥቃ አለቀሰች።

ከዚያ ወዲያ ነው አዳኝ የሆነችው። ሥጋ የማይነካ መንገደኛ ስለሚበዛ ሥጋውን ትታ ሩዝና ምስር፣ የእርጎ መረቅ፣ በቅቤ የታሸ የስንዴ ጣፋጭ ማሰናዳት ያዘች። ከጃይፑር የመጡ አዲስ ተጋቢዎች ጉዷን አፈሉባት፤ ዐይን ለዐይን ሲተያዩ አንድ እፍኝ እንኳ ሳይበሉ ተነሡ፣ ሙስተዓሊም አብሯቸው ተነሣ። አንድ ፎቶ አንሺ ደግሞ «እትዬ፣ እኔ ክብደት እየቀነስኩ ነው» ብሎ አረፈው።

«ታዲያ ቤቴ ምን ልታደርግ ገባህ?» አለችው፣ ነውሩ እስኪጠፋት ድረስ።

ይህን ሁሉ ፑኔ ያለችው ልጇ ረሺዳ በስልክ ትሰማለች፤ ትሰማና ትንጨረጨራለች።

«ማ፣ እስከ መቼ ነው ከመንገድ ሰው እየለመንሽ የምታስገቢው? ሌባ ቢሆንስ?»

«ሌባም ሆድ አለው።»

«ቀልድ አይደለም! እንግዳ የቀረ ቀን ምን ልትሆኚ ነው? ስሚኝ፣ እመጣለሁ። እንዲህ ከሆነ ሁለታችሁንም ይዤ ነው የምመለሰው፤ ቤቱ ይቆለፋል። እዚህ ሐኪሙም አስታማሚውም አለ።»

ኢንሲያ ነገሩ አልዋጥ አላት። ፑኔ ያለው ቤት የረሺዳ ነው። እዚያ እንግዳው ሙስተዓሊ ራሱ ነው፤ ለእንግዳ ደግሞ እንግዳ አይመጣለትም። ማንን ብሎ ይበላል? ይህን ለልጇ ልታስረዳ ሞከረች። ረሺዳ ግን «አንቺ ደግሞ!» ብላ ስልኩን ዘጋች።

ክረምቱ ገባ። ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ብቻ የሆነው የሳራስዋቲ ወንዝ ሞልቶ ከአፍ እስከ ገደፉ ደረሰ፤ መንገዱ ጭቃ፣ ባቡሩ ዛሬ አለ ነገ የለም። አንድ መንገደኛ ዝር አልል አለ። ኢንሲያ ጃንጥላ ይዛ ደረጃው ላይ ትቀመጣለች፤ የሚያልፍ ውሻ ብቻ ነው።

ሸርባኑ አንጀቷ አልችል ብሏት አንድ ቀን ዘንጣ መጣች። «እኔ እሆንለታለሁ እንግዳ» ብላ ትሪው ላይ ቁጭ አለች። ሙስተዓሊ አየት አደረጋት።

«ሸርባኑ፣ ቤትሽ ጣሪያው አፈሰሰ እንዴ?»

አብሯት ነው ያደገው፤ የልጅነቱን ሰው ደግሞ አይረሳም። ፊቱን አዞረ። ሸርባኑ ብቻዋን በልታ፣ «ሰው ያውቀኛል ብዬ ያፈርኩት ዛሬ ነው» እያለች በዝናብ ተመለሰች።

ረሺዳ ስትደርስ አባቷ አልጋ ላይ ሊታይ እንኳ አልቻለም፤ ከአንሶላው በታች ሰው ያለ አይመስልም። ሻንጣዋን ጥላ እጁን ያዘችው።

«ባዋ! እኔ ነኝ፣ ረሺዳ። ልጅህ።»

«ባዋ» አባባ ማለት ነውና ሲሰማ አየት አደረጋት፤ ፊቱ ላይ ግን ምንም አልመጣም።

«ልጅህ መጥታለች» አለች ኢንሲያ። «ተነሥ፣ አብረን እንብላ።»

«ደግ። የቤት ልጅ ከሆነች ከእናቷ ጋር ትብላ» አለ በትሕትና። «እኔ በልቻለሁ።»

የዚያን ቀን ማንም አልበላም። በማግስቱ ኢንሲያ ልጇን ጓዳ ጠራቻት። ሌሊቱን ሙሉ ስታብሰለስለው ያደረችውን ነገር ለማውጣት ምላሷ ከበዳት፤ እናት ለልጇ የምትለው ነገር አይደለምና።

«ሻንጣሽን አንጠልጥለሽ ውጪና በሩን አንኳኪ። መንገደኛ ነኝ በይው። ቤቶቹን ለማየት መጥቼ ዝናብ ያዘኝ በይ።»

ረሺዳ እናቷን አፍጥጣ አየቻት።

«የተወለድኩበት ቤት ውስጥ እንግዳ ልሁን?»

«አንዴ።»

«እኔ እንዲያውቀኝ ነው የመጣሁት፣ ማ! ትንሽ ቢናገር፣ ስሜን ቢጠራኝ ብዬ ነው። አንቺ ጭራሽ እንዳያውቀኝ…»

«እንዲያውቅሽ ብትፈልጊ ይራባል። እንዲበላ ብትፈልጊ አያውቅሽም። ሁለቱን አንድ ላይ የምሰጥሽ ብሆን እኔ ምን ገዶኝ!»

ኢንሲያ ይህን ብላ ተጸጸተች፤ ግን እውነት ነው፣ የሚመለስም አልነበረም። ረሺዳ ሻንጣዋን መንጭቃ አንስታ በሩን ድርግም አድርጋ ወጣች። ኢንሲያ በመስኮት ስታያት ዝናብ ውስጥ ቆማለች፤ ደግማ ስታይ የለችም። ሄደች ብላ ኢንሲያ ተስፋ ቆረጠች። ኋላ ግን በሩ ተንኳኳ።

«ማነው?» አለ ሙስተዓሊ ከአልጋው።

«መንገደኛ ነኝ፣ ካካ» አለ የረሺዳ ድምፅ። ካካ ሰው የማያውቀውን ሽማግሌ የሚጠራበት ነው። «ዝናብ ያዘኝ።»

ሽማግሌው ግድግዳ ተደግፎ ተነሣ። ቆቡን አስተካከለ። በሩን ራሱ ከፈተ።

«ግቢ እንጂ ልጄ፣ ግቢ! አንቺ፣ ውሃ አምጪ፣ እጇን አስታጥቢ! ከየት ነው?»

«ከ… ከቻንዴሪ።» አፏ ላይ የመጣላትን ከተማ ነው የተናገረችው።

የሙስተዓሊ ፊት በራ። ኢንሲያ ያን ፊት ካየችው ቆይታ ነበር።

«ቻንዴሪ! ሸማኔዎቹ አሉ? እኔ እዚያ ከአንድ ሸማኔ ቤት አድሬ አውቃለሁ። ብይ፣ እየበላሽ ስሚኝ።» ጨው ቀመሰ፣ እሷም ቀመሰች፤ ጎረሰ፣ እሷም ጎረሰች። «ምግብ አቀረቡልኝ። እነሱ በልተናል አሉ። እኔ ሞኙ ብቻዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ። ኋላ ለውሃ ብዬ ጓዳ ብገባ ሚስትየዋ ድስቱን በጣቷ ትጠርጋለች። ቤት የነበረው ያ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳ ብቻውን ሲበላ ካየሁ፣ በዚህ ቤት የተራበ አለ ማለት ነው እላለሁ። ምነው ቆምሽ? ብይ እንጂ!»

ረሺዳ ብታቆም እንደሚያቆም ታውቃለች፤ ስለዚህ እንባዋን ከሩዙ ጋር ዋጠችው።

«እኔም ልጅ አለችኝ» አለ ሽማግሌው እያላመጠ። «ትንሽ ናት። መንገድ ልወጣ ስል ጫማዬን ትደብቅብኛለች። የት እንደምትደብቀው አውቃለሁ፤ ዱቄት ዕቃው ኋላ ነው። ግን ትንሽ የምፈልግ እመስላለሁ። አንድ አውቶቡስ ቢያመልጠኝ ምን ይሆናል?»

ረሺዳ ያን ጫማ ትደብቅ የነበረ ጊዜ አባቷ የሚቸኩልና የሚነጫነጭ ሰው ነበር። የሚያውቅ አይመስላትም ነበር። ኢንሲያ የእርጎ መረቁን ልትጨምር ብላ ተነሣች፤ የልጇን ፊት ማየት አቅቷት ነው።

ረሺዳ ለጥቂት ቀን ነበር የመጣችው፤ ቆይታዋ ግን ረዘመ። ቀትር በደረሰ ቁጥር ሻንጣዋን አንጠልጥላ በጓሮ ትወጣና በፊት ለፊት ታንኳኳለች። ሸርባኑ በመስኮት ሆና «ዛሬስ ከየት ነው፣ ወይዘሮ መንገደኛ?» ትላታለች። ረሺዳም ከተማ ትመርጣለች፤ ያየችውን አይደለም፣ አባቷ ሻንጣ ይዞ ሲዞርባቸው ስማቸውን በልጅነቷ የሰማቻቸውን። ከቡንዲ ነኝ ስትለው፣ ጎርፍ ይዞት በአንድ አሮጌ ባለ ደረጃ የውሃ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ያደረበትንና ዘበኛው ጥሬ ሽምብራውን ያካፈለውን ነገራት። ከኦርቻ ነኝ ስትለው፣ የቤተ መቅደሱ ወጥ ሠሪ ስሙንም ሃይማኖቱንም ሳይጠይቅ በቅጠል ላይ ያበላውን ነገራት። እያንዳንዷን ከተማ የሚያስታውሳት ባበላው ሰው ነው፤ ግንቡን አያነሣም፣ ንጉሡን አያነሣም። ረሺዳ ይህን ሁሉ አንድም ቀን ሰምታው አታውቅም። ያኔ ከመንገድ ሲመለስ ደክሞት ይተኛ ነበር፤ ለልጅ የሚነገር ነገር ያለው አይመስልም ነበር። ልጁ ሳለች ያልነገራትን ባዕድ ስትሆን ነገራት። ኢንሲያ ይህን እያየች ታዝናለች፤ ይበላልና ደግሞ ደስ ይላታል። ሁለቱም በአንድ ሆድ ውስጥ አብረው ያድሩ ነበር።

ሙስተዓሊ ሥጋ ያዘ። ፊቱ ሞላ ሲል ረሺዳ የባቡር ትኬት ቆርጣ መጣች፤ ሦስት።

«ነገ ከሰዓት ነው» አለች። «ማ፣ አትቆጪኝ። ቤቴን ትቼ ስንት ጊዜ ልቆይ? እሱስ ቢሆን፣ በየቀኑ እየዋሸሁት ልኑር? በየቀኑ አባቴን ካካ እያልኩ?»

«እዚያ አይበላም።»

«አሁን በረታ እኮ።»

«ረሺዳ፣ የበረታው ባለቤት ስለሆነ ነው።»

ኢንሲያ ልብሳቸውን በሻንጣ ከተተች። የምትከትበት እጅ የሷ አይመስላትም ነበር።

በማግስቱ ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ወጣ። ረሺዳ እንደ ወትሮዋ በጓሮ ወጥታ መጥታ አንኳኳች። ሙስተዓሊ ገና ቆቡን እያደረገ ነበር በሩን የከፈተው።

«እንኳን ደህና መጣሽ ልጄ። ከየት ነው?»

ረሺዳ ከማንዱ ነኝ ልትል ነበር፤ ጠዋት ለእናቷ እንዲያ ብላ ነግራታለች። ደጃፉ ላይ ቆማ አባቷን አየችው። ኢንሲያ ትሪውን እንደያዘች፣ የልጇ አፍ ተከፍቶ ሲዘጋ አየች።

«ከዚሁ ከሲድፑር ነኝ» አለች ረሺዳ።

«ከዚህ ከተማ?» ግንባሩ ተኮሳተረ። «የማን ልጅ ነሽ?»

ኢንሲያ ትሪውን አስቀመጠች። አሁን የቤት ልጅ ከሆነች፣ ከእናትሽ ጋር ብይ ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ፑኔም የሚሄደው እንደተራበ ነው። በዐይኗ ልጇን ለመነቻት። ረሺዳ አላየቻትም።

«የሙስተዓሊ» አለች። «የቁልፍ ነጋዴው።»

ሽማግሌው የበሩን መቃን ያዘ። ብዙ አሰበ።

«አውቀዋለሁ» አለ በመጨረሻ። «ደግ ሰው ነው፤ ቤቱ የማይቀመጥ ነው እንጂ። ልጅ አለችው ሲሉ ሰምቻለሁ። አንቺ ነሻ?»

«እኔ ነኝ።»

«እንዲህ አድገሽ!» ክንዷን ይዞ አስገባት፤ ትሪው ፊት ራሱ አስቀመጣትና ከጎኗ ቁጭ አለ። «ዛሬ እዚህ ትበያለሽ፤ ደጄ ላይ ቆመሽ ሳትበይ አላሳልፍሽም። ከዚያ ግን በቀጥታ ሂጂለት። አታስመሺበት። ሲጠብቅሽ ነው የከረመው።»

«እሺ» አለች ረሺዳ። «አላስመሽበትም።»

በላ። እሷም እሱ እስኪጠግብ ድረስ በላች። ትኬት የተቆረጠላቸው የአህመዳባድ ባቡር ወንዙን ሲሻገር ጩኸቱ እስከ ቤቱ ድረስ ተሰማ፤ ኢንሲያ ቀና ብላ ልጇን አየቻት፣ ረሺዳ ግን ከትሪው አልተነሣችም።